የኋላ ፍሬንና የተዘጋ በር

ሰው የሚያስኬደውን ነገር እንጂ የሚያቆመውን ነገር አያመሰግንም። መኪና በሚገዛበት ጊዜ ስለ ሞተሩ ኃይል፣ ስለ ቀለሙ ውበትና ስለ ወንበሩ ምቾት አብዝቶ ይጠይቃል፤ ስለ ፍሬኑ ግን «ይይዛል ወይ?» ብሎ በአንድ ቃል ያልፋል። ከፍሬኑም ቢሆን የፊተኛው ጥቂት ይታሰብለታል፤ የኋለኛው ግን ራሱ ጮኾ ካልተጣራ በቀር አስታዋሽ የለውም። እኔም እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በአንዲት ቅዳሜ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ያገኘሁትን ትምህርት ለአንባቢዎቼ ለማካፈል ነው እንጂ።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ለሕክምና መጥታ በእኔ ዘንድ ሦስት ወር ከተቀመጠች በኋላ፣ «ከእንግዲህስ ወደ ቤቴ መልሰኝ» ብላ ቀን ቈርጣ ነበር፤ ቀኑም ሰኞ ነበረ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ሳይወርድ አያልፍም። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ደጋ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም በማዶው ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የመንገደኛው ነፍስ ከእግዚአብሔር በታች በፍሬን ላይ ተንጠልጥላ ትሄዳለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህም ከጥቂት ሳምንት በፊት መኪናዬን ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ ፍሬኗ እንዲታደስ አድርጌ ነበር። ሠራተኞቹም «የአራቱም ጎማ ሸራ ተለውጧል» ብለው ነገሩኝ፤ እኔም ከፍዬ ወጣሁ። ሲሠሩ ግን ቆሜ አላየሁም፤ ከቢሮው ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ጋዜጣ አነብ ነበር። ከጉዞው አስቀድሞ ባለው ዐርብ ማታ ከሥራ ስመለስ ከበስተኋላዬ ቀጭን ጩኸት ሰማሁ፤ ፍሬን በረገጥሁ ጊዜም ጩኸቱ ተለውጦ ወፍጮ ጥሬ ሲፈጭ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሆነ። እቤቴ ደርሼ በጎማው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ባይ፣ የኋላው ዲስክ እንደ ታረሰ መሬት ትልም በትልም ሆኖ አገኘሁት። የፊቱ ሸራ በእውነት አዲስ ነበር፤ የኋላውን ግን የነካው እጅ አልነበረም።

በነጋታው በማለዳ ከሶማሌ ተራ አንድ ካርቶን የኋላ ሸራ ገዝቼ ተመለስሁ። ወደዚያ ጋራዥ ለመሄድ ልቤ እንቢ አለኝ። «ተምሬአለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ጥቂት ቡሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ምን ይከብደኛል?» ብዬ አሰብሁ። እናቴ ዘመዶቿን ልትሰናበት ሄዳ ነበርና ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። መሣሪያዬን ከመዘርጋቴ በፊት ግን የግቢውን በር በመቀርቀሪያ ዘጋሁት። 14 ዓመት የሆነው ልጄም «አባዬ፣ በሩን ለምን ትዘጋዋለህ? ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አቧራ እንዳይገባ ነው» ብዬ መለስሁለት። እውነቱ ግን ሌላ ነበረ። ከጎረቤቶቼ አንዱ በደጅ ሲያልፍ መምህሩን ቱታ ለብሶ፣ ከመኪና ሥር ተጋድሞ፣ እጁ በጥቀርሻ ተለውሶ እንዳያየኝ ፈርቼ ነበር።

ይህ እፍረት የእኔ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ዕድሜ የጠገበ ነው። ማረሻ የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ልብስ የሚያለብሰንን ሸማኔ፣ ምጣድ የምትሰጠንን ሸክላ ሠሪ በስማቸው እየሰደብን በሥራቸው ግን እየተጠቀምን ብዙ ዘመን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። የሚያስደንቀው ነገር፣ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በዚያው በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል ደኅና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አሻግሮ አመጣት። እንግዲህ አውቶሞቢሊቱና ዐዋጁ በአንድ ዓመት ወደ ከተማችን ገቡ። አውቶሞቢሊቱን በደስታ ተቀበልናት፤ ዐዋጁ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ገና በእኔ ደጅ ቆሞ ነበርና መቀርቀሪያውን በፊቱ ዘጋሁበት።

ሥራውን በጥንቃቄ ጀመርሁት። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደገፍሁ፤ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባሁ፤ የኋላውን ጎማ ዳዶዎች መኪናዋ ገና በመሬት ላይ ሳለች ጥቂት ጥቂት አላላሁ፤ ከዚያም በኋላ በክሪክ አነሣኋት። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለምና ከሥሯ የብረት መቆሚያ አገባሁ፤ የወለቀውንም ጎማ ከሆዷ ሥር አጋደምሁት፤ ምናልባት ብትወድቅ በጎማው ላይ እንጂ በሰው ላይ እንዳትወድቅ ነው።

ጎማው በወለቀ ጊዜ ዲስኩና እርሱን እንደ መንጋጋ ነክሶ የሚይዘው ካሊፐር ታየ። ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በዲስክ ፍሬን ላይ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ዲስኩን የሚነክሰው መዳብ ነበረና ጩኸቱ አስቸገረ፤ ነገሩም ብዙ ዓመት ተኝቶ ቆየ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ጃጓር የተባለችው መኪና ዲስክ ፍሬን ይዛ በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ካሸነፈች ወዲህ ዝናው ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ለተራው ሰው መኪና ተዳረሰ። እኛ «ሸራ» ብለን የምንጠራበትም ስም ከንቱ አይደለም፤ የጥንቱ የፍሬን ልብስ በእርግጥ ከጥጥና ከአስቤስቶስ ተሸምኖ ይሠራ ነበርና። አስቤስቶስ ሳንባን የሚያጠፋ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ዳሩ ግን የአሮጌ ሸራ አቧራ ምን እንደ ያዘ በዓይን አይለይምና በአፍ እፍ ማለት ወይም በደረቅ መጥረጊያ ማራገፍ አይገባም። እኔም በውሃ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት።

ቀጥሎ የካሊፐሩን የታችኛውን ቡሎን ፈትቼ ወደ ላይ ላነሣው ብል አልነሣም አለኝ። ብታገለውም አልሆነ። ልጄ ወደ መኪናዋ ውስጥ አይቶ «አባዬ፣ የእጅ ፍሬኑ እኮ ተስቧል» አለኝ። እውነትም እኔው ለጥንቃቄ ብዬ አጥብቄ ስቤው ነበር። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነውና በኋላ ፍሬን ላይ የሚሠራ ሰው ሊለቀው ይገባል፤ የፊቱ ጎማ በድንጋይ የሚደገፈውም ስለዚህ ነው። ልጄ ለቀቀው፤ ካሊፐሩም ተነሣ። የፍሬኑን ዘይት የሚያመጣው የላስቲክ ቱቦ ክብደት አይችልምና ካሊፐሩ በእርሱ ላይ እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰርሁት።

አሮጌዎቹን ሸራዎች አውጥቼ በመዳፌ ላይ አስተያየኋቸው። አዲሱ ሸራ ከተጣበቀበት ብረት በላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይገባዋል። በውጭ በኩል ያለው አሮጌ ሸራ ገና 4 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር፤ በውስጥ በኩል ያለው ግን ፈጽሞ አልቆ ብረት በብረት ላይ ይፈጭ ነበር። ከውጭ ብቻ አይቶ «ገና ነው» የሚል ሰው እንዲህ ይታለላል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ፒስተኑን ወደ ማደሪያው መመለስ ነበር፤ አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋልና። የፊት ፍሬን ሲሠራ ቀድሞ አንድ ጊዜ አይቼ ነበር፤ ፒስተኑን በሞርሳ ሲጫኑት ቀስ ብሎ ይገባል። እኔም እንዲሁ ሞርሳ አስገብቼ ተጫንሁት፤ አልገባም። አጠበቅሁት፤ አልገባም። በመያዣው ላይ የብረት ቧንቧ ጨምሬ በሙሉ ጉልበቴ ተጫንሁት፤ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ከቦታው ወጣ እንጂ ፒስተኑ ንቅንቅ አላለም። ላቤ በዓይኔ ገባ፤ ሰዓቱም ሰባት አለፈ። ልጄንም ያለ ጥፋቱ «ባትሪውን ደኅና አድርገህ ያዝ!» ብዬ ጮኽሁበት። እርሱም ዝም ብሎ ባትሪውን አስተካከለ፤ ዝምታው ግን ከዘለፋ ይልቅ ወጋኝ።

ከአጥራችን ማዶ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። በ12 ዓመት ጉርብትናችን «እንደምን አደሩ፤ እንደምን ዋሉ» ስንባባል ኖርን እንጂ፣ ለቅሶና ሠርግ ካልሆነ በቀር ከቤታቸው ገብቼ አላውቅም። እርሳቸውም «መምህር» ብለው በአክብሮት እጅ ይነሡኝ ነበር፤ ያ አክብሮት ግን በሁለታችን መካከል እንደ ሌላ አጥር ሆኖ ቆሞ ነበር። ልጄም ቀስ ብሎ «አባባን ልጥራቸው?» አለኝ። ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና «ጥራቸው» አልሁት። በሩን ግን እኔው ሄጄ ከፈትሁት።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «መምህር፣ እንደምን ዋሉ?» ብለው ጎንበስ አሉና ሞርሳውን አዩት፤ ቧንቧውንም አዩት፤ ከዚያም ወደ እኔ ቀና ብለው «ይህ የሚገፋ አይደለም፤ የሚዞር ነው» አሉኝ። ነገሩንም ገለጡልኝ። የእጅ ፍሬኑ በካሊፐሩ ውስጥ በሚሠራባቸው መኪናዎች ከኋላው ፒስተን በስተጀርባ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ፤ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑን በዚያ ጥርስ ላይ ጥቂት በጥቂት ወደ ፊት እያራመደ የሚይዘው እርሱ ነው። እንግዲህ ፒስተኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው ማዞር እንጂ መግፋት አይደለም። በፊቱም ላይ የመሣሪያ መያዣ የሚሆኑ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ነበሩ፤ እኔ ስጫናቸው ውዬ አላስተዋልኋቸውም።

ከቤታቸውም ጥርስ ያለው አንድ ትንሽ ብረት አስመጡ። በቀላሉ እየተጫኑ ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ሲታገለኝ የዋለው ፒስተን እንደ ታዘዘ ልጅ ገባ። «ሁሉም አንድ አይደለም፤ ወደ ግራ የሚዞርም አለ፤ የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራውማ በመመርመሪያ መሣሪያ ካልተለቀቁ አይነኩም። ስለዚህ አስቀድሞ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለም?» ብለው ፈገግ አሉ። ይህን ተረት በክፍል ውስጥ ለስንት ተማሪ እንደ ተረትሁት ቍጥሩን አላውቀውም። «ጥቂት ብጨምርበት ኖሮስ?» ብዬ ብጠይቃቸው «የውስጡ ጥርስ ይሰበር ነበር፤ ካሊፐሩም ይጣል ነበር» አሉኝ። ከቦታው የወጣውን ላስቲክ መርምረው እንዳልተቀደደ ካዩ በኋላ መልሰው አስገቡት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእርሳቸው ሆነ፤ እኔና ልጄ ደቀ መዛሙርት ሆንን። ልጁን ከዘይቱ ዕቃ አጠገብ አቁመው፣ ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳልና ሞልቶ እንዳይፈስስ እንዲጠብቅ አዘዙት፤ የፍሬን ዘይት የመኪናን ቀለም ይልጣል። ክዳኑንም ወዲያው እንዲገጥመው ነገሩት፤ ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባልና፤ ውሃ የገባበት ዘይትም በቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። የውስጡ ሸራ ብቻውን ያለቀበትንም ምክንያት አሳዩኝ። ካሊፐሩ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ዝገው ደርቀው ነበር፤ ካሊፐሩ አልንቀሳቀስ ስላለ የሁለቱን ሥራ አንዱ ሸራ ብቻውን ተሸክሞት ኖረ። ዘንጎቹን አጽድተው ለፍሬን በተሠራው ግሪስ ቀቧቸው፤ ከሸራውና ከዲስኩ ፊት ላይ ግን አንዳች ቅባት እንዳይነካ አስጠነቀቁን።

በዲስኩ ላይ የሚፈቀደው የመጨረሻ ውፍረት 7.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተቀርጾ ነበር፤ ለክተው 8.4 አገኙት። የሁለቱንም ጎን ዲስክ አውልቀን ወደ ቶርኖ ቤት ላክናቸው፤ ትልሙ ጠፍቶ 8 ሚሊ ሜትር ሆነው ተመለሱ። በውስጠኛው ሸራ ጀርባ ያለችው ጉጥ በፒስተኑ ጎድጓዳ ላይ ልክ እንድትገባ አድርገው ገጠሙና፣ የሁለተኛውን ጎን «አሁን እርስዎ ይሥሩት» ብለው መሣሪያውን በእጄ ሰጡኝ። ሠራሁት፤ እርሳቸውም እያንዳንዱን ቡሎን እንደገና በቁልፍ ፈተኑት።

ጎማዎቹ ታስረው፣ ድንጋዩ ከፊት ጎማዎች ሥር ተነሥቶ መኪናዋ በመሬት ላይ ስትቆም ፀሐይ ልትጠልቅ ቀርባ ነበር። ግቢዬ ወደ በሩ በኩል ጥቂት ያዘቀዝቃል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ከደጅም የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። እኔ በደስታ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ማርሹንም ላስገባ እጄን ዘረጋሁ። አዛውንቱ መዳፋቸውን በመስኮቱ ላይ ጣል አድርገው «ልጄ፣ ፍሬኑን ረግጠኸዋል?» አሉኝ። በ12 ዓመት ውስጥ «መምህር» ማለትን ትተው «ልጄ» ያሉኝ ያን ጊዜ ነበር። እኔም «ስነሣ እረግጠዋለሁ» አልሁ። «ሳትነሣ ርገጠው» አሉኝ።

ረገጥሁት። እግሬ በውሃ ውስጥ እንደ ገባ ያለ አንዳች እንቅፋት እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደሜ ቀዘቀዘ። ሁለተኛ ረገጥሁት፤ ሦስተኛ ረገጥሁት፤ በሦስተኛው ጥቂት ተቃወመኝ፤ በስድስተኛው እንደ ድንጋይ ጸና። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለ ተመለሱ በሸራውና በዲስኩ መካከል ባዶ ቦታ ነበረ፤ ያ ቦታ የሚሞላው ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ ነው። የማያውቅ ሰው ግን መኪናውን አስነሥቶ ይወጣና፣ ፍሬን በሚፈልግበት በመጀመሪያው ቅጽበት ፍሬን እንደሌለው ይረዳል። አዛውንቱ «ይህን እኔ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በጎልማሳነቴ ከአንድ ሰው የግንብ አጥር ላይ ነው ያገኘሁት» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ በተከፈተው በር በኩል ኳሷን የሚያሳድዱትን ልጆች እመለከት ነበርና።

ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ደጋግሜ ስቤ ፈተንሁ፤ ዘይቱንም አየን። አዛውንቱ ከጎኔ፣ ልጄ ከኋላ ተቀምጠው ጭር ወዳለው መንገድ ወጣንና አዲሱን ሸራ አለማመድሁት፤ ይኸውም በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ አሥር ጊዜ ያህል በዝግታ መርገጥ፣ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ ጥቂት መንዳት ነው። ስንመለስ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ቆየችን። ለድካማቸው ዋጋ ላቀርብ ብሞክር እጄን መለሱት። እጃቸው እንደ እጄ፣ እጄም እንደ እጃቸው ጠቁሮ ከአንድ ረከቦት ጠጣን።

ሰኞ ዕለት ከጎሐ ጽዮን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። አዛውንቱ እንዳዘዙኝ ማርሹን ዝቅ አድርጌ የሞተሩ ኃይል መኪናዋን እንዲይዛት አደረግሁ፤ ፍሬኑንም ረግጬ ሳልቆይበት፣ ሲያስፈልግ ብቻ ጠበቅ አድርጌ መልቀቅ ያዝሁ። ፔዳሉ በእግሬ ሥር የታመነ ነበረ። እናቴ በመስኮት ወደ ገደሉ እያየች «ፍሬኑን አሠርተኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔው ራሴ ሠራሁት» አልኋት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። «አንተ? አንተ መምህር አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። «ጎረቤቴ አዛውንቱ መካኒክ ናቸው ያስተማሩኝ» ብላት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያስ ደኅና» ብላ ራሷን ወደ ወንበሩ መልሳ ዓይኗን ጨፈነች።

አንባቢ ሆይ፤ እጅ በሥራ ቢቆሽሽ በሳሙና ይታጠባል። ለማወቅ ማፈር ግን ሰውን ከሚያስተምረው ጎረቤቱ ይለየዋል፤ የማያውቀውንም ነገር በጉልበት እንዲገፋ ያደርገዋል። እኔ ጋራዡን ወቅሼ ነበር፤ ነገር ግን ጎማው ሲወልቅ ቆሜ እንዳላይ ያደረገኝና በሩን ዘግቼ እንድታገል ያደረገኝ አንዱ እፍረት እንደ ነበረ አሁን አውቄዋለሁ። ልጄ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዛውንቱ ዘንድ ይውላል፤ ማታም የተማረውን ያስተምረኛል። እኔም በመኪናዬ ላይ በምሠራበት ቀን የግቢዬን በር አልዘጋም፤ ከመነሣቴም በፊት ፔዳሉን እረግጣለሁ።